የሚታጠፈው መሪ ሲላላ፦ ኮለሙን ከመቀየርዎ በፊት አራቱን ብሎኖች ይዩ

ጥያቄ፦ «መኪናዬ እ.ኤ.አ. የ1986 ሼቭሮሌት ሲ10 ፒክአፕ ናት። ማርሿ አውቶማቲክ ነው፤ የማርሽ ማስገቢያው መሪው ሥር ነው፤ መሪዋም ከፍ ዝቅ ይላል። ከጥቂት ወራት ወዲህ መሪውን ስይዘው ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይነቃነቃል። ሰሞኑን ደግሞ ቁልፉን ሳዞር እየከበደኝ ነው። አንድ መካኒክ አይቶ ኮለሙ በሙሉ መቀየር አለበት አለኝ። ራሴ ልሠራው እችላለሁ? የምኖረው ዴንቨር ነው።»

መልስ፦ ይችላሉ። ኮለሙም፣ ማለትም መሪውን የሚሸከመው አምድ፣ መቀየር አይኖርበትም ማለት ይቻላል። የገለጹት ምልክት በዚህ ዓይነት ኮለም ላይ እጅግ የተለመደ ነው። ጄኔራል ሞተርስ የሞተር ማስነሻውን ቁልፍ ወደ ኮለሙ ካዛወረበት ከ1969 ሞዴል ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ የሳጊናው ክፍሉ የሠራው ታጣፊ ኮለም በሼቭሮሌት፣ በጂ ኤም ሲ፣ በፖንቲያክ፣ በቢዩክና በካዲላክ ላይ ተገጥሟል፤ ጂፕም ተጠቅሞበታል። ከዓመት ዓመት ትንሽ ለውጥ ቢኖርም አሠራሩ ያው ነው፤ የሚላላውም በዚያው ቦታ ነው።

መጀመሪያ ውስጡን ይረዱት፤ ያኔ ሥራው አያስፈራም። ከመሪው ጎማ ሥር ያለው የሚታጠፈው አንገት ሁለት አጫጭር ፒኖች ላይ ተንጠልጥሏል፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። ፒኖቹ የሚገቡት ከአንገቱ በታች ባለ ተሸካሚ ብረት ውስጥ ነው። አንድ ጠንካራ ሞላ አንገቱን ሁልጊዜ ወደ ላይ ይገፋዋል። ማጠፊያ ማንሻውን ሲስቡ የሚለቁት ጥርሳም ማቆሚያዎች ደግሞ አንገቱን በመረጡት ከፍታ ላይ ነክሰው ይይዙታል። ያ ተሸካሚ ብረት በበኩሉ ከዋናው የኮለም ቱቦ ጋር የተያያዘው በአራት ትንንሽ ብሎኖች ነው። የሚላሉት እነሱ ናቸው።

ለምን ይላላሉ? የፒክአፕ ወንበር ከፍ ያለ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ሲገባ መሪውን ይዞ ይወጣል፣ ሲወርድም ይደገፈዋል። የሰውነት ክብደት በመሪው ርዝመት ተባዝቶ እነዚያ አራት ብሎኖች ላይ ያርፋል። በዚያ ላይ ማንሻው በተሳበ ቁጥር ሞላው አንገቱን ወደ ላይ አስፈንጥሮ ከመጨረሻው ጋር ያጋጨዋል። ይህ ለዓመታት ሲደጋገም ብሎኖቹ በጥቂት በጥቂቱ ይፈታሉ። አንዱ ሲላላ ጭነቱ ወደ ሌሎቹ ይሄዳል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ለዓመታት ትንሽ የነበረው መላወስ መጨረሻ ላይ በሳምንታት ውስጥ ይባባሳል።

የቁልፉ መክበድም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቁልፍዎ የሚያዞረው ትንሽ ጥርሳም ማርሽ ነው፤ እሱ ጥርስ ያለውን ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ ረጅም ሽቦ ይገፋል፤ ሽቦው ኮለሙ ታችኛው ክፍል ላይ ያለውን ማስነሻ ስዊች ይገፋል። አንገቱ ከተሸካሚው ጋር ሲዘም ይህ ሁሉ መስመሩን ይስታል። ብሎን ፈጽሞ ወልቆ ውስጥ ከወደቀም ዘንጉን ሊያነቀው ይችላል። ስለዚህ ቁልፉ መክበድ ከጀመረ በኋላ መኪናዋን መንዳት ይተው። መሪ ነው፤ «ትንሽ ይቆይ» የሚባልበት ነገር አይደለም።

ከመፍታትዎ በፊት ግን ችግሩ በእርግጥ እዚያ መሆኑን ያረጋግጡ። ሞተሩ ጠፍቶ፣ መሪውን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን አንገት በእጅዎ ጨብጠው ወደ ላይና ወደ ታች ያወዛውዙት፤ ሌላ ሰው በባትሪ እያበራ ክፍተቱ የት ላይ እንደሚከፈት ይይ። አንገቱና ከሥሩ ያለው ክፍል በመገናኛቸው ላይ እየተከፈቱ ከተዘጉ፣ በሁሉም ከፍታ ላይም እንዲሁ ከሆነ፣ አራቱ ብሎኖች ናቸው። አንገቱ በአንድ ከፍታ ላይ ብቻ የሚያንሸራትት ወይም ራሱን የሚለቅ ከሆነ ጥርሳም ማቆሚያዎቹ ወይም ሞላቸው አልቋል። አንገቱ ጸጥ ብሎ መሪው ብቻውን ከተነቃነቀ የላይኛው ኩሽኔታ ነው። ኮለሙ በሙሉ ከዳሽቦርዱ ሥር ከተንቀሳቀሰ ደግሞ ጉዳዩ ቀላል ነው፤ ኮለሙን ወደ ላይ የሚይዙት ዳዶዎች ናቸው፤ እነሱን ማጥበቅ በቂ ነው። መሪው ሲዞር ጎማው ዘግይቶ የሚከተል ከሆነ ግን ኮለሙን አይንኩት፤ ያ በመሪው ዘንግ ታችኛ ጫፍ ላይ ያለው ከላስቲክ የተሠራ መገጣጠሚያ፣ የመሪ ሳጥኑ ወይም የዘንግ ጫፎች ጉዳይ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ይህን መላወስ በብየዳ፣ በሽብልቅ ወይም በሽቦ ጠፍሮ «ለማስቆም» የሚያግባባ ሰው ካለ አይስሙት። ይህ ኮለም በግጭት ጊዜ ርዝመቱን እያጠረ እንዲሰበሰብ ሆኖ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ያሉት የፕላስቲክ ፒኖች በኃይል ሲመቱ እንዲቆረጡ የታሰቡ ናቸው። የተበየደ ኮለም አይሰበሰብም፤ ደረትዎን ነው የሚያገኘው። በዚሁ ምክንያት በሥራው በሙሉ የመሪውን ዘንግ በመዶሻ መምታት ክልክል ነው።

የእርስዎ መኪና የአየር ከረጢት የላትም፤ ስለዚህ ሥራው ከዚያ ስጋት ነጻ ነው። ይህን የሚያነብ ሌላ ሰው የ1990 ካማሮ፣ የ1991 ካፕሪስ፣ ወይም የ1995 እና ከዚያ በኋላ የተሠራ ፒክአፕ ካለው መሪው ውስጥ ከረጢት አለ። እሱን ሳያስወግዱ እዚህ የተጻፈውን አይከተሉ። ኮሮላ ወይም ሃይሉክስ ላለውም ይህ አይሠራም፤ በብዙዎቹ ላይ አንገቱ አይደለም የሚታጠፈው፤ ኮለሙ በሙሉ ከታች ተንጠልጥሎ ነው ከፍ ዝቅ የሚለው። የዚያ መላላት መፍትሔው ከሥሩ ያለው ማጥበቂያ ነው።

መሣሪያ። የመሪ መንቀያ፣ የመቆለፊያ ሳህን መጫኛ (መሪውን የሚቆልፈውን ሳህን ወደ ታች የሚጫን መሣሪያ)፣ እንዲሁም ኢ8 ቡሶላ ያስፈልግዎታል። ኢ8 ማለት ውስጡ እንደ ኮከብ የተቆረጠ፣ የብሎኑን ራስ ከውጭ የሚይዝ ቡሶላ ነው፤ ባለ 1/4 ኢንች እጀታ ትንሹን ይግዙ፤ ትልቁ እዚያ አይገባም። ተራ ባለ ስድስት ማዕዘን ቡሶላ አስገድደው ከሞከሩ የብሎኑ ራስ ይላጣል፤ ከዚያ በኋላ ማውጣቱ ከሥራው ሁሉ ይከፋል። የተቀሩት ቶርክስ፣ ማለትም ጫፋቸው ኮከብ የሆነ ካቻቢቴዎች (ቲ20 እና ቲ30 ይኑሩ)፣ ወፍራም ፊሊፕስ (ጫፉ መስቀል የሆነ) ካቻቢቴ፣ ቀጭን ፒንሳ፣ ትንሽ መንጠቆ፣ 8-32 የሚባለው ጥርስ ያለው 5 ሴንቲሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ቪቴ ከዳዶና ከሮንዴላ ጋር፣ ሰማያዊ የብሎን ማጣበቂያ፣ የፍሬን ማጽጃ፣ ግሪስና የዓይን መከላከያ መነጽር ናቸው። መንቀያውንና የሳህን መጫኛውን አይግዙ፤ እዚያው አሜሪካ እንደ አውቶዞንና ኦሪሊ ያሉ የመለዋወጫ መደብሮች በማስያዣ ገንዘብ ያውሷቸዋል፤ ሲመልሱ ገንዘብዎን ይመልሳሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ሙሉ ቀን ይመድቡ። ከላይ የወጣውን ሁሉ በወጣበት ተራ ፎጣ ላይ ይደርድሩ፤ በየደረጃው በስልክዎ ፎቶ ያንሱ።

የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። ጎማዎቹን ቀጥ አድርጉ፤ የክላክስ መሸፈኛውንና ከሥሩ ያለውን መገናኛ ያውጡ። የመሪው ዳዶ እንደ ዓመቱ 7/8 ኢንች ወይም 21 ሚሊሜትር ነው፤ ዳዶው ላይ የደህንነት ቀለበት ካለ ቀድሞ ይወጣል። ዳዶውን ከፈቱ በኋላ መሪውና ዘንጉ ላይ በቀለም እኩል መስመር ይሳሉ፤ አለዚያ ሲመለስ ጠማማ ይሆናል። መንቀያው ከተለያዩ ብሎኖች ጋር ይመጣል፤ በእጅ ያለ ችግር የሚገባውን ይምረጡ። ብሎኖቹን ግን ጠልቀው እንዲገቡ አያድርጉ፤ ከሥር ያለውን የፍሬቻ መመለሻ (መሪው ሲመለስ ፍሬቻውን የሚያጠፋውን) ይሰብራሉ።

ከመሪው ሥር የፕላስቲክ ክዳን፣ ከክዳኑ ሥር የመቆለፊያው ሳህን ይታያል። ሳህኑን የሚይዘው በዘንጉ ጉድጓድ ውስጥ የተቀመጠ የሽቦ ቀለበት ነው። መጫኛውን ዘንጉ ላይ ያስሩ፤ ከኢንችና ከሚሊሜትር ጥርሶች ትክክለኛውን ይምረጡ፤ የተሳሳተው የዘንጉን ጥርስ ያበላሻል። ሳህኑን ቀለበቱ ነጻ እስኪሆን ድረስ ብቻ ይጫኑት፤ ቀለበቱን በመንጠቆ ከፍ አድርገው ያውጡ። ከሥሩ ያለው ሞላ ኃይለኛ ነው፤ ፊትዎን ከላዩ ላይ አያድርጉ። ቀለበቱ ሲወጣ ስለሚጠመዝዝ አዲስ ይግዙ፤ ዋጋው ጥቂት ነው። ከዚያ በተራ ሳህኑ፣ የፍሬቻ መመለሻው፣ ሞላው፣ የኩሽኔታው መቀመጫና ውስጠኛው ቀለበቱ ይወጣሉ።

የፍሬቻ ማንሻውን ይፍቱ፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያ ካለበት ሽቦ ስለሚከተለው በኃይል አይሳቡት። የአደጋ መብራቱን ቁልፍ ይንቀሉ። የፍሬቻ ስዊቹ በሦስት ቪቴዎች ነው የተያዘው። ሽቦው በኮለሙ ውስጥ ወርዶ ከዳሽቦርዱ ሥር ሶኬት ላይ ይገጠማል፤ ሶኬቱን ካላቀቁ በኋላ ስዊቹን ወደ ላይ ስበው ወደ ጎን የሚያንጠለጥሉበት ያህል ርዝመት ብቻ ይበቃል። ለዚህ ሲባል ኮለሙን ከላይ ዝቅ ካደረጉ በወንበሩ ላይ አንድ ነገር ደግፉበት፤ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም።

ቀጥሎ ቁልፉን መንዳት የሚያስችለው ቦታ ላይ ያድርጉት። ከቁልፍ ቤቱ አጠገብ ያለችውን የማስጠንቀቂያ ድምፅ ስዊች ከነመያዣ ክሊፗ በአንድ ላይ በፒንሳ ያውጡ፤ ለብቻ ከወጣች ክሊፗ ወደ ኮለሙ ውስጥ ትወድቅና መልሶ መፈለግ ይመጣል። የቁልፍ ቤቱን የሚይዘውን ቪቴ ፈትተው ቁልፍ ቤቱን ሙሉ ወደ ውጭ ይሳቡ። ማጠፊያ ማንሻውን ይንቀሉ፤ ከዚያ የአንገቱ ሽፋን በሦስት ቪቴዎች ይለቃል።

እዚህ ላይ ይረጋጉ፤ ሰው የሚጎዳው በሚቀጥለው ደረጃ ነው። ማጠፊያ ማንሻውን ለጊዜው መልሰው ሰክተው አንገቱን ከፍ ወዳለው የመጨረሻ ቦታ ይልቀቁት፤ ያኔ ሞላው ያነሰ ውጥረት ላይ ይሆናል። የሞላውን ክዳን በወፍራሙ ፊሊፕስ ካቻቢቴ አጥብቀው ወደ ውስጥ እየገፉ ስምንተኛ ዙር ያህል ወደ ግራ ያዙሩት፤ ከዚያ ግፊቱን ቀስ ብለው ይልቀቁ። ትንሽ ካቻቢቴ ከተጠቀሙ ያመልጣል፤ ክዳኑም ፊትዎ ላይ ይፈነጠራል። መነጽሩ ለዚህች ደቂቃ ነው።

ፒኖቹን ለማውጣት ቪቴውን በፒኑ መሃል ባለው ጥርስ ውስጥ በእጅ በርከት ያለ ዙር ያስገቡ። በላዩ ከፒኑ ሰፋ ያለ ቡሶላ እንደ ድልድይ ያስቀምጡ፣ ሮንዴላና ዳዶ ያስከትሉ፤ ዳዶውን ሲያጠብቁ ፒኑ ወደ ቡሶላው ውስጥ ይሳባል። ቪቴው በሁለት ዙር ብቻ ከተያዘ የፒኑ ጥርስ ይላጣል፤ ከዚያ መቆፈር ነው የሚቀረው። ሁለቱ ከወጡ በኋላ ማጠፊያ ማንሻውን ስበው ጥርሳም ማቆሚያዎቹን እያላቀቁ አንገቱን ወደ ላይ ይሳቡ፤ ጥርሱን የያዘው ዘንግ ከሽቦው ጋር በመንጠቆ ስለተያያዘ አንገቱን ትንሽ ወደ ግራ ማዞር ይለቀዋል። ዘንጉ ከአንገቱ ጋር ይውጣ፤ ከማርሹ አያንሸራትቱት። ካመለጠ ማርሹና ዘንጉ ላይ ከሌሎቹ የሚሰፋ አንድ ጥርስ አለ፤ ሰፊው ከሰፊው ቦታ ጋር መግጠም አለበት።

አሁን አራቱ ብሎኖች ፊት ለፊትዎ ናቸው። ብዙ ጊዜ በጣት ይዞራሉ፤ አንዱ ወልቆ ከጠፋ ኮለሙን በባትሪ መብራት እያዩ በማግኔት ፈልገው ያውጡት። አራቱንም በአንድ ጊዜ አይፍቱ፤ ተሸካሚው ከቦታው ይንሸራተታል። አንዱን ያውጡ፣ ጥርሱንና ጉድጓዱን በማጽጃ ጠርገው ያድርቁ፣ ሁለት ጠብታ ሰማያዊ ማጣበቂያ ያድርጉ፣ መልሰው ያስገቡ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ። ቅባት ባለበት ብሎን ላይ ማጣበቂያው አይይዝም፤ ሥራው ሁሉ ተመልሶ የሚላላው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ቀዩን ማጣበቂያ አይጠቀሙ፤ ወደፊት ብሎኑን ለመፍታት እሳት ይጠይቃል፤ በፕላስቲክና በሽቦ መሃል ደግሞ እሳት አይገባም። ሲያጠብቁ በሰያፍ ተራ በተራ፣ አጭሩን እጀታ በመዳፍ ይዘው እንጂ በክንድ ጉልበት አይሁን፤ ብሎኖቹ ትንንሽ ናቸው፤ ራሳቸው ይቆረጣል። ማጽጃውን ብሎኖቹ ላይ ብቻ በጨርቅ ያድርሱ፤ በሁለቱ ዘንጎች መገናኛ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ኳስ ግሪሷ እንዳይታጠብ።

አንገቱ ከወጣ አይቀር ሌሎቹንም ይዩ። ጥርሳም ማቆሚያዎቹ ጫፋቸው ከዞረና ከደነዘዘ ይቀየሩ፤ ካልሆነ መላወሱ በትንሹ ይቀራል። የፒኖቹ ጉድጓድ ክብነቱን ትቶ እንቁላል ቅርጽ ካመጣ አንገቱ ራሱ ያስፈልጋል፤ ከተጣለ መኪና ላይ ይገኛል፤ ብሎን ማጥበቅ አያድነውም። የፕላስቲኳ ኳስ ከተሰነጠቀች የላይኛውን ዘንግ 90 ዲግሪ አጥፎ ማላቀቅና መተካት ይቻላል። ብሎኖቹ የሚገቡበት ጥርስ ተልጦ ከሆነ ብቻ ነው «ኮለሙ ይቀየር» የሚለው ሐሳብ ትክክል የሚሆነው።

መመለሱ ያው በተቃራኒው ነው፤ ግን ሰው የሚሳሳትባቸው ሦስት ቦታዎች አሉ። የመጀመሪያው የዘንጉ መንጠቆ ነው፤ ከሽቦው ጋር ሳይያያዝ ከተገጠመ ቁልፉ ይዞራል፣ ሞተሩ ግን ምንም አይሰማም። ስለዚህ ፒኖቹን በቀላል ምት ካስገቡና ሞላውን ከመለሱ በኋላ፣ ሌላውን ሁሉ ሳይገጥሙ፣ ቁልፍ ቤቱን ለጊዜው አስገብተው ከመቆለፊያ እስከ ማስነሻ በሁሉም ቦታ ያዙሩት፤ ከታች ያለው ሽቦ አብሮ መሄዱን ይዩ። ከማስነሻ ቦታው በራሱ መመለስ አለበት። ሁለተኛው የሽቦ ቀለበቱ ነው፤ ዙሪያውን በጉድጓዱ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ካልተቀመጠ መጫኛውን አይልቀቁ። ሦስተኛው የመሪው ዳዶ ነው፦ ከ30 እስከ 35 ፉት ፓውንድ፣ ማለትም ከ41 እስከ 47 ኒውተን ሜትር። «መሪ ስለሆነ» እያሉ ከዚያ በላይ ማጥበቅ ጥርሱን ይጎዳል።

ባትሪውን ከመለሱ በኋላ ቆመው ይፈትሹ፦ አንገቱን በየከፍታው አወዛውዙት፣ ፍሬቻው ወደ ሁለቱም በኩል በርቶ መሪው ሲመለስ መጥፋቱን ይዩ፣ የአደጋ መብራቱን፣ ክላክሱን፣ ማርሹ ከፓርክና ከኒውትራል ውጭ ሲሆን ሞተሩ አለመነሳቱን፣ በፓርክ ቁልፉ ሲወጣ መሪው መቆለፉን። ማጣበቂያው ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ 24 ሰዓት መኪናዋን ባይነዱ ይሻላል። ከዚያ በኋላ ሲገቡና ሲወጡ መሪውን ሳይሆን የበሩን ማዕዘን ወይም ወንበሩን ይያዙ።